ብስክሌትን በራስ መጠገን ይሻላል ወይስ ለባለሙያ መስጠት?

ጠያቂ (ባለ ማርሽ)

የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ወደ ሥራ የምመላለሰው ያገለገለች ባለ ማርሽ ብስክሌት ገዝቼ ነው። እስካሁን ጎማ ከመንፋት በቀር በእጄ የነካሁት ነገር የለም። ባለፈው ወር ካቴናው ድምፅ ስላበዛ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት፤ ሠራተኛውም ከካቴናው ጋር የኋላ ጥርሶቹ አብረው መቀየር እንዳለባቸው ነገረኝ። ያለ አግባብ ገንዘብ ሊያስወጣኝ የፈለገ ስለመሰለኝ ካቴናውን ብቻ አስቀይሬ ወጣሁ። አሁን ግን ፔዳሉን ጠንከር አድርጌ በረገጥኩ ቁጥር ካቴናው ይዘላል። ከእንግዲህ መፍቻዎችን ገዝቼ ሁሉንም ነገር ራሴ ብሠራ ያዋጣኛል?

ግራሶ

ወንድሜ፣ ቅር አይበልዎትና ሠራተኛው ያታለለዎት አይመስለኝም። ካቴና ሲያረጅ ቁርጥራጮቹን የሚያያይዙት ፒኖች ስለሚበሉ ይረዝማል፤ ጥርሶቹም በዚያው ልክ ስለሚበሉ አዲስ ካቴና ሲገጠምባቸው አይዙትም። ይሁን እንጂ በራስ የመጠገን ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ ካቴና ላይ ከአንድ ፒን መሐል ተነሥተው ቀጥለው እስከሚመጣው 24ኛ ፒን መሐል ድረስ ቢለኩ 304.8 ሚሊ ሜትር ያገኛሉ። ልኩ 306.3 አካባቢ ሲደርስ ካቴናውን ብቻ ከቀየሩ ጥርሶቹ ይተርፋሉ፤ ወደ 308 ከተጠጋ ግን ብዙውን ጊዜ ጥርሶቹም አብረው አልቀዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የብረት ማስመሪያ ብቻ ነው። ካቴናውን በጨርቅ ጠርጎ ዘይት መቀባት፣ የፍሬን ላስቲክ መቀየርና ከመነዳሪ መለጠፍም ማንም ሰው በአንድ ቅዳሜ የሚለምዳቸው ሥራዎች ናቸው። ከመነዳሪ ሲለጥፉ ማስቲሹ እስኪደርቅ ሳይጠብቁ ልጣፊውን አይጫኑት፤ ጎማውን መልሰው ከማስገባትዎ በፊትም ውስጡን በጣትዎ በቀስታ ይዳስሱ፤ የወጋው የግራር እሾህ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱን ልጣፊ ሰፈር ሳይወጡ ይበሳብዎታል።

የጎሚስታ ልጅ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ «ሁሉንም ራሴ» የሚለው ግን አይዋጥልኝም። አባቴ ጎማ ሲጠግን እያየሁ ስላደግሁ የማይሆንልኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን የግራውን ፔዳል ልቀይር ብዬ በሰዓት አቅጣጫ እያዞርኩ ላጠብቀው ሞከርኩ፤ እምቢ ሲለኝ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ ገፋሁት። የግራ ፔዳል የብሎኑ ጥርስ ተገላቢጦሽ እንደሆነና የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር መሆኑን ያወቅሁት፣ ፔዳሉ የሚታሰርበት ለስላሳው የአሉሚኒየም ክንድ ጥርሱ ተፍቆ ከተበላሸ በኋላ ነው። ፔዳል ለመቀየር ወጥቼ ክንዱንም ገዛሁ።

የተጣመመ ቸርኬ ማቃናትም እንዲሁ ልምድ ይጠይቃል፤ አንዱን ሽቦ ሲያጠብቁ ሌላው ስለሚላላ፣ ያልለመደ ሰው በግማሽ ቀን ቸርኬውን እንቁላል ያስመስለዋል። እሱንና የመሐሉን ኩሽኔት ለባለሙያ ይተዉ። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚጠቀሙበት መፍቻ የሚያወጡት ገንዘብ ከእጅ ዋጋው ይበልጣል።

ጣና ዳር

እኔ ለጥገና ስሰጥ አሮጌውን ዕቃ እንዲመልሱልኝ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ በዚህ ምክንያት እስካሁን የተቀየመኝ የለም። የእርስዎ አሮጌ ካቴና በእጅዎ ካለ ክርክሩን እሱ ይፈታዋል።

ጠያቂ (ባለ ማርሽ)

እናመሰግናለን። እንደ አጋጣሚ አሮጌውን ካቴና በፌስታል ጠቅልለው ሰጥተውኝ ስለነበር፣ በነጭ ጋዝ አጥቤ ምስማር ላይ ሰቅዬ ለካሁት። 24ኛው ፒን 309ን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ነገ ጥርሶቹን ላስቀይር ወደዚያው ጥገና ቤት እሄዳለሁ፤ ሠራተኛውን ምን ብዬ እንደማናግረው ግን ገና አልወሰንኩም።