ሚኖክሲዲል ከመጀመር በፊት የቆዳ ሐኪም ማየት ግድ ነው?

ጥያቄ፦
የወንድ ፀጉር ከግንባር እየሸሸ፣ አናት ላይም እየሳሳ ሲሄድ 5 በመቶ ሚኖክሲዲል (የራስ ቆዳ ላይ የሚቀባ የፀጉር ማብቀያ) ገዝቶ መጀመር ይበቃል ወይስ መጀመሪያ መመርመር ያሻል? ሐኪሙ በመስታወት የማይታይ ምን ያያል? ፊናስቴራይድ በተባለው የሚዋጥ የመመለጥ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ላይ ያለው ክርክርስ?

መልስ 1፦
መመርመር ይሻላል። ሐኪሙ በደርማቶስኮፕ (ቆዳን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ) አስቀድሞ የሚፈልገው ፀጉር የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳዎቹ ካሉና ወፍራምና ቀጭን ፀጉር ተደባልቆ ከታየ፣ በዘር የሚመጣው መመለጥ ነው። ጠፍተው ቆዳው ልስልስ ብሎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን ጠባሳ ነው፤ የጠፋው ሥር ዳግም አያበቅልም፣ ስለዚህ ሚኖክሲዲል እየቀቡ ስድስት ወር መጠበቅ የተረፈውንም ያስበላል። ሲያጠራጥር 4 ሚሊ ሜትር የምታህል ናሙና ከቆዳው ይወሰዳል። ላሽ ከሆነ ከሥሩ የቀጠነ፣ ጫፉ የወፈረ አጭር ፀጉር ይታያል። ቆረቆር ደግሞ በሚቀባ ነገር ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

ከ50 እስከ 60 ፀጉር በጣት ይዞ ቀስ ብሎ መሳብም አለ። ከ6 በላይ ከወጣ መርገፉ አሁንም እየሄደ ነው፤ ያኔ ከ2 ወይም 3 ወር በፊት የነበረ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ፈጣን የክብደት መቀነስ ይጠየቃል። ወደ ምርመራው ሲሄዱ ቅባትና የፀጉር መሸፈኛ ዱቄት አይጠቀሙ። ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ከደም ምርመራው በፊት ይንገሩ፤ የታይሮይድ ውጤት ያዛባል።

መልስ 2፦
ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፤ ግን ሁሉም ሰው ናሙናና ደም መስጠት አለበት ማለት አይደለም። የተለመደው የወንዶች መመለጥ በዓይን ይለያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት አቀባቡ ላይ ነው። ፈሳሹ 1 ሚሊ ሊትር ጠዋት፣ 1 ሚሊ ሊትር ማታ ነው፤ ፀጉሩን ከፍሎ በደረቀ የራስ ቆዳ ላይ እንጂ ፀጉሩ ላይ አይደለም። እጥፍ መቀባት ፀጉር አይጨምርም። የማታውን ሳይደርቅ ቢተኙ ትራስ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ፊት ላይ ፀጉር ያበቅላል። ድመት ያለበት ቤት በጣም ይጠንቀቁ፣ ትንሹም ይገድላታል።

በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 8 ሳምንታት መርገፉ ሊብስ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ልፋቱን በከንቱ ያስቀራል፤ አሮጌው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ እየለቀቀ ነው። ከ4 ወር በፊት ውጤት አይለኩ። የሚያሳክክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ማሟሚያ፣ የፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ በአረፋ መልክ የሚሸጠው ሚኖክሲዲል ግን የለውም።

መልስ 3፦
ፊናስቴራይድ 1 ሚሊ ግራም በቀን ነው፤ ፀጉሩን የሚያቀጥነውን ሆርሞን ይቀንሳል። ክርክሩ መሠረት አለው፦ የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የስሜት መጨፍገግ ይታወቃሉ፤ አብዛኛው ሲቆም ይለቃል፣ ሳይለቃቸው የቀሩም ሪፖርት አድርገዋል። ድብርት የነበረበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር አይጀምር። የፕሮስቴት የደም ምርመራ (PSA) ቁጥርን በግማሽ ያህል ስለሚያወርድ የሚመረምረው ሰው ማወቅ አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረ ኪኒን በእጇ አትንካ፤ ወንድ ፅንስን ይጎዳል። እኔ ብጠየቅ ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ቀን አይጀምሩ እላለሁ፤ አንዱ ሲያስቸግር የትኛው እንደሆነ አይለይም።