ፖስት ካርዶቼ እየተጣበቁብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ጅማ ነው የምኖረው። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ፖስት ካርዶች እሰበስባለሁ። ኤፍል ታወር፣ ታጅ ማሃል፣ ማቹ ፒቹ፣ ኪሞኖ የለበሱ የጃፓን ሴቶች፣ የማሳይ ጨፋሪዎች አሉኝ። አብዛኞቹን ያገኘሁት በፖስትክሮሲንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ፖርቱጋል ውስጥ የተጀመረ የካርድ መላላኪያ ነው፤ ለማታውቁት ሰው ትልካላችሁ፣ ሌላ የማታውቁት ሰው ደግሞ ለእናንተ ይልካል።

ችግሬ የጅማ ክረምት ነው። ዝናቡን ታውቁታላችሁ፤ ቤት ውስጥ ያለ ወረቀት ሁሉ ይረጥባል። የሚያብረቀርቁት ካርዶች ፊት ለፊት ተጣብቀዋል። ጀርባቸው ላይ ሻጋታ ጀምሯል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ጽሑፉ ነው፤ ቀለሙ እየተሰራጨ ነው። ሥዕሉማ ሌላ ቦታ ይገኛል፣ የሰው የእጅ ጽሑፍ ግን በምን ይተካል?

ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ አልበም ካርድ እንደሚጎዳ፣ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው እንደሚሻል አውቃለሁ። እዚህ ገበያ ግን አላገኘሁም። አዲስ አበባ የት ይሸጣል? እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄልስ? ከጫማ ካርቶን የማገኛት ትንሽ ከረጢት ለአንድ ሳጥን አትበቃም። የተጣበቁትን ሳይቀደዱ ማላቀቅ የምትችሉበትን ዘዴ የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። በግድ መሳብ ፈርቻለሁ።

ደግሞ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፖስት ካርድ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አለ? ለላኩልኝ ሰዎች የጅማን መልክ መላክ እፈልጋለሁ።