የኮምቦልቻው የባንድ ቀን፦ ከ6 ሰዓት ጀምረን እንግባ ወይስ አመሻሽ ላይ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። ከደሴ ነኝ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ባንዶች ይጫወታሉ። ሰባት ናቸው ተብሏል። ስድስቱ የዚሁ የወሎ ልጆች ናቸው፣ የመጨረሻው ብቻ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ስም ያለው ዘፋኝ ነው።

አምና ሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ሄጄ ነበር። ሥራ ውዬ ማታ 1 ሰዓት ላይ ገባሁ፣ ለዋናው ዘፋኝ ብዬ። 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጣ። ባንዱ ከኋላው ቆሟል፣ ድምፁ ግን የተቀዳ ነው፤ ማይኩን ወደ እኛ ሲያዞር እንኳን ዘፈኑ ሳይቆረጥ ቀጠለ። በጣም ነው የከፋኝ። ለትኬቱ ብር አይደለም፣ ሰው ሲጫወት ለማየት ብዬ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ሳላይ ስለተመለስኩ ነው።

ዘንድሮ ከአባቴና ከልጄ ጋር ነኝ። አባቴ 68 ዓመቱ ነው። በደርግ ጊዜ የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድንን በአካል ያየ ሰው ነው፣ ማሪቱ ለገሰ ስትዘፍን ፊት ለፊት ቆሜ ሰምቻለሁ እያለ ነው ያሳደገን። ከዚያ ወዲህ ግን ባንድ የሚያየው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡን ታውቁታላችሁ። ከ6 ሰዓት ጀምረን ብንውል ይከብዳቸው ይሆን? ወይስ 11 ሰዓት ላይ ገብተን የመጨረሻዎቹን ሁለት ብቻ እንይ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቤዝ ከፒያሳ፦
ወንድሜ፣ በ6 ሰዓት ግባ። እኔ ቤዝ ጊታር ነው የምጫወተው፣ እንዲህ ባለ መድረክ ላይ ስንት ጊዜ መጀመሪያ ወጥቻለሁ። በዚያ ሰዓት የሚወጡት ልጆች ለዚያች 30 ደቂቃ ሁለት ወር ሙሉ የተለማመዱ ናቸው። የተቀዳ ነገር የላቸውም፣ ቢፈልጉም ማስቀጃ ብር የላቸውም። ሁሉንም በእጃቸው ነው የሚጫወቱት። አንተ አምና ያጣኸው እነሱ ጋ ነው ያለው።

አንድ ነገር ግን እወቅ። ሳውንድ ቼክ፣ ማለትም የድምፅ ሙከራ፣ የሚደረገው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ማታ የሚጫወተው ጠዋት ቀድሞ ይሞክራል፣ መጀመሪያ የሚወጣው መጨረሻ ይሞክርና ዕቃው እንደተደረደረ ይቆያል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ትልቁ ባንድ ሲያረፍድ ሰዓቱ ያልቅና ጀማሪዎቹ ሳይሞክሩ ይወጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ድምፁ ቢረበሽ፣ ዘፋኙ ባይሰማ፣ ቤዙ ብቻ ቢያጓራ አትፍረድባቸው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይስተካከላል።

የምትቆምበትን ቦታ ደግሞ ምረጥ። ሰው ሁሉ መድረኩ ሥር ይጋፋል። እዚያ የምትሰማው የሞንታርቦውን ጩኸት ነው። ሚክሰሩ የተቀመጠበትን ድንኳን ፈልግና አጠገቡ ቁም፣ የድምፅ ባለሙያው የሚያስተካክለው እሱ ለሚሰማበት ቦታ ነው። በጣም ከራቅክ ደግሞ ድምፁ ይዘገይብሃል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ 70 ሜትር ላይ ከሆንክ ድራመሩ ሲመታ ታያለህ፣ ምቱ ግን ቆይቶ ይመጣል።

ሌላው ክራሩ ነው። ከትዝታ ቅኝት ወደ አምባሰል ቅኝት ሲሄዱ ኪቦርዱ ጣቱን ብቻ ይቀይራል፣ ክራር ግን ክሩን እያላላና እያጠበቀ እንደገና መቃኘት አለበት። በዚያ መሀል መድረኩ ጭር ይላል። አንዳንድ ልጆች "ቀጥል!" እያሉ ያፏጫሉ። እባክህ አጠገብህ ያሉትን ንገርልን። አምባሰልና ባቲ የኛው አገር ስም ናቸው፣ በኛው አገር ሲቃኙ ካልታገስን የት ነው የምንታገሰው?

የሽመና ክፍሏ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ልጅቷንም አባትህንም ይዘህ ና። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለ ድምፅ ከጆሮዬ ተምሬያለሁ። እኛን ሲያሠለጥኑን የነገሩን እንዲህ ነው፦ 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፣ ከዚያ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ላለ ዝግጅት አማካዩ ከ100 እንዳያልፍ ብሏል። የኛ አገር ሞንታርቦ ሥር ማን ይለካል? ስለዚህ ለልጅቷ ጆሮ መሸፈኛ ግዛላት፣ ሠራተኛ የሚያደርገውን፣ ከላይ እንደ ማዳመጫ የሚደፋውን። ጥጥ ብዙም አያግድም። ባንድ ሲቀያየር አውልቃ ትንሽ ትረፍ።

አለባበስ ላይ የደሴ ሰው ሁሌ ይሳሳታል። እናንተ ከ2,400 ሜትር በላይ ናችሁ፣ እኛ 1,850 አካባቢ ነን። ደሴ ደርባችሁ ትወጡና እዚህ ስትደርሱ በላብ ትጠመቃላችሁ። ቀለል ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ሹራቡና ጋቢው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ማታ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ጉሙ ሲወርድ ያስፈልጋችኋል። ጃንጥላ ግን ተዉት። አንድ ጃንጥላ ሲዘረጋ ከኋላ ያለው አሥር ሰው አያይም። ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስና መሬት ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ በቂ ነው።

የድሮው ከሙጋድ፦
ልጄ፣ እኔ ከአባትህ በሁለት ዓመት እበልጣለሁ። ወጣቶቹ ጥሩ መክረውሃል፣ ግን ዘጠኝ ሰዓት ጭቃ ላይ መቆም ለኛ ዕድሜ አይሆንም። ወገብ ነው መጀመሪያ የሚከዳው። በርጩማ ያዝለት። መጸዳጃው የት እንደሆነ ገና ስትገቡ እየው፣ ሽማግሌ ይህን አፍ አውጥቶ አይነግርህም፣ ውሃ መጠጣት ትቶ ይውላል እንጂ።

እኔ ብሆን 6 ሰዓት ገብቼ 12 ሰዓት ላይ እወጣ ነበር። የመጨረሻውን ታዋቂ ሰው እተወው ነበር። ማታ 3 ሰዓት ሕዝቡ ባንዴ ሲፈስ ትራንስፖርት ፍለጋ ከሽማግሌና ከሕፃን ጋር መጋፋት አለ። አባትህ የሚፈልገው ደግሞ ያንን ሰው አይመስለኝም። በኪነት ጊዜ እኛ የምንሄደው አንድ ሰው ለማየት አልነበረም። ማሲንቆውን፣ ከበሮውን፣ እስክስታውን፣ ተቀባዩን፣ ሁሉንም ነበር የምናየው።

የጦሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም። በርጩማው ተገዝቷል፣ እንዳላችሁት 12 ሰዓት ላይ እንወጣለን። እሁድ እነግራችኋለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
ተመልሰናል። ቃሌን ልጠብቅ።

6 ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ሜዳው ላይ ምናልባት ሁለት መቶ ሰው ነበር። ሚክሰሩ አጠገብ በርጩማውን ዘረጋን። የመጀመሪያው ባንድ ልክ እንደተባለው ነው የሆነው፣ በአንደኛው ዘፈን የዘፋኟ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። የድምፅ ባለሙያው ሲሯሯጥ ከአጠገባችን እናየዋለን። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ወጣ፣ አቤት ድምፅ! አባቴ ከበርጩማው ተነሳ።

ያልጠበቅኩት ነገር ከመድረኩ ጎን ነበር። አንዲት ሴት ቡና ታፈላለች። ሦስተኛው ባንድ ሊወጣ ሲል ከበሮ መቺው ከበሮውን ታቅፎ መጣና ከሰሉ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ጠዋት ካፊያ ነበር፣ ቆዳው እርጥበት ይዞ ላልቷል። ከበሮውን ቀስ እያለ እሳቱ ላይ ያዞረዋል፣ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ እንደገና ያዞራል። ሴትየዋ ጀበናዋን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። ልጄ ጆሮ መሸፈኛዋን አውልቃ ሄዳ ቆመች። መጀመሪያ ዷ ዷ የሚል የደከመ ድምፅ ነበር። በኋላ ጥርት ብሎ ሲጮህ ከበሮ መቺው ቀና ብሎ "ሰማሽ?" አላት። ቤት ከገባን ጀምሮ ድስት እየመታች ይህንኑ ነው የምታወራው።

ከዚያ ያ የክራሩ ነገር መጣ። ትዝታ ተጫውተው ጨረሱ፣ ክራር ተጫዋቹ ቁጭ ብሎ መቃኘት ጀመረ፣ ከኋላችን ያሉ ልጆች ማፏጨት ጀመሩ። እኔ ልናገር ዞር ስል አባቴ ቀደመኝ። "ዝም በሉ፣ አምባሰል እየቃኘ ነው" አላቸው። ገና አንድ ሁለት ክር ነው የነካው፣ ከምን እንዳወቀ አላውቅም። ልጆቹ ዝም አሉ፣ አንደኛው "እንዴት አወቁ አባባ?" አለው። አባቴ መልስ አልሰጠም፣ ከንፈሩን ገጥሞ ማንጎራጎር ጀመረ፣ ክራሩ ሲመታ ያው የሱ ዜማ ነበር። አምባሰል ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ እቤት ውስጥ እንዲህ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ከሱ አልተለዩም፣ ባንድ በተቀያየረ ቁጥር "ይሄስ ምንድን ነው አባባ?" እያሉ ሲጠይቁት ዋሉ።

9 ሰዓት ተኩል ላይ ዶፉ ወረደ። ሚክሰሩ ላይ ላስቲክ ጣሉበት፣ ሰዎቹ መድረኩን ለቀቁ፣ እኛ ላስቲካችን ሥር ተሰበሰብን። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። የሄደ ሰው ጥቂት ነው። አምስተኛው ባንድ ሲጀምር ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ ግን ድራሙ ችክችካውን ሲይዝ ሰው ሁሉ ጭቃውን እየረገጠ ነው የጨፈረው።

12 ሰዓት ላይ አባቴን እንውጣ አልኩት። ይሄን ባንድ እንጨርስ አለ። ጨርሰን ወጣን። ዋናውን ዘፋኝ አላየነውም። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፣ ሹራቡ ጠቅሞናል እህቴ።

ቤዝ ከፒያሳ፦
አምስተኛው ባንድ ላይ ቤዙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ! ሚክሰሩ ጋ በርጩማ ላይ ያሉትን ሽማግሌ ከመድረክ አይቻቸዋለሁ፣ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምት ሲመቱ። አባትህ ናቸው?

የጦሳ ልጅ፦
እሱ ነው ወንድሜ! ነጭ ፎጣ ትከሻው ላይ ያደረገው። ሁለተኛው ዘፈናችሁ ላይ ቤዙ ብቻውን የቀረባት ቦታ አለች፣ እዚያ ላይ እጄን ያዝ አድርጎኝ ነበር። የት ነው የምትለማመዱት? ይዤው ልምጣ።

ቤዝ ከፒያሳ፦
ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ደሴ ነን። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ቦታውን እልክልሃለሁ። ወንበር አለ፣ በርጩማ አትያዝ። ልጅቷንም አምጣት፣ ከበሮ አለን።