ጥቅሉን የሚጨርሰው ጌሙ ነው ወይስ ቪዲዮው?

የአዳማዋ እህት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ፍሪ ፋየር የሚባለውን የተኩስ ጌም ስልኩ ላይ ይጫወታል፤ ሌላ ሥራ የለውም ማለት ይቀላል። ሰሞኑን ደግሞ ዩቲዩብ ቻናል ከፍቶ ጨዋታውን እየቀረጸ ይለቃል። ካርድ የምሞላው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት 5 ጊጋ ገዝቼለት በሦስተኛው ቀን "አለቀ" አለኝ። "ምን በላው?" ስለው "ጌሙ ነዋ!" ይላል። እውነት ጌም ይህን ያህል ይበላል? ሁለተኛ፣ ጨዋታው መሀል ላይ ስታክ እያደረገበት አዲስ ስልክ ግዢልኝ እያለ ነው። ያለው ባለ 3 ጊጋ ራም ነው። ሦስተኛ፣ ከዚህ ቻናል ብር ይገኛል ወይስ ዝም ብሎ ልፋት ነው?

ስልክ ጠጋኙ፦
እህቴ፣ ጌሙ ያለ ጥፋቱ ነው የተከሰሰው። ካርታው፣ ጠመንጃው፣ ልብሱ ሁሉ አስቀድሞ ስልኩ ላይ ተጭኗል። ሲጫወት በኔትወርክ የሚመላለሰው "እዚህ ቆሜያለሁ፣ ወደዚያ ተኮስኩ" የሚል ትንሽ መልእክት ነው። አንድ ዙር በጥቂት ሜጋ ያልቃል። አፕዴት ሲመጣ ግን ሌላ ነው፤ እሱን በዋይፋይ ብቻ ያውርድ። ፕሌይ ስቶር ላይም አፖች በዋይፋይ ብቻ አፕዴት እንዲሆኑ አድርጊው።
ከልጁ ጋር አትከራከሪ። ስልኩን ተቀበዪው፣ ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ዩሴጅ የሚለውን ክፈቺ። የትኛው አፕ ስንት እንደበላ በተራ ተደርድሮልሻል።

የአዳማዋ እህት፦
አየሁት! ዩቲዩብ 3.4 ጊጋ። ቲክቶክ 900 ሜጋ። ፍሪ ፋየር 210 ሜጋ! ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ግን "ብዙም አላየሁም፣ ሦስት ቪዲዮ ብቻ ነው የጫንኩት" እያለ ይምላል።

ባለ ትንሽ ቻናል፦
አይዞሽ፣ ልጁ አልዋሸም። ብዙውን የበላው የጫነው ነው። ዩቲዩብ 1080 ለሚባለው የምስል ጥራት የሚመክረው በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ በሴኮንድ 1 ሜጋ፣ በደቂቃ 60 ሜጋ ይመጣል። የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 600 ሜጋ! ሦስት ከጫነ 1.8 ጊጋ ሄደ። ዝቅ ባለው ጥራት፣ በ720 ቢያወጣው የሚመከረው 5 ሜጋቢት ነው፤ ያው 10 ደቂቃ ወደ 375 ሜጋ ይወርዳል። ተመልካቹም በስልክ ስለሚያየው ልዩነቱን ልብ አይለውም። ኤዲት አድርጎ ሲያወጣ 720 የሚለውን ይምረጥ፣ ጭራና ራሱንም ይቁረጥ። ሰው ሎቢ ውስጥ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ልብስ ሲመርጥ ማን ያያል?
ዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ መጫኛውን "በዋይፋይ ብቻ" አድርጉት። ለማየትም የሞባይል ዳታ ጥራቱን ዳታ ሴቨር ላይ አስቀምጡ፤ አውቶፕሌይንም አጥፉ። እኔ ራሴ የምጭነው በሌሊት ጥቅል ነው፤ ርካሽ ነው፣ ኔትወርኩም ይፈታል።

ቡያ ብቻ፦
ሲስ ስልክ እንዳትገዢ! መጀመሪያ ስታክ የሚያደርገው ምኑ እንደሆነ ይለይ። ስክሪኑ ላይ ፒንግ የሚባል ቁጥር አለ፤ መልእክቱ በኔትወርክ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሳለ ምስሉ ከደረቀ ችግሩ ስልኩ ነው። ምስሉ እየሄደ ጠላት ከዛፍ ወደ ዛፍ ከዘለለ፣ ወይ ገድለኸው መልሶ ከገደለህ፣ ኔትወርክ ነው። ቪፒኤን ከፍቶ ከሆነ ደግሞ ይዝጋው፤ መንገዱን አርዝሞ ፒንግ ይጨምራል።
በ3 ጊጋ ራም እየቀረጹ መጫወት በራሱ ከባድ ነው። ግራፊክሱን ዝቅተኛው ላይ ያድርግ፣ ከኋላ የተከፈቱትን ይዝጋ፣ ሚሞሪውን ያራግፍ። ፍሪ ፋየር እኮ 50 ሰው ነው የሚያጫውተው፣ ዙሩም ወደ 10 ደቂቃ ነው። 100 ሰው ከሚወርድበት ፐብጂ ይቀላል። በዛ ስልክ ፐብጂ ቢሞክር ኖሮ ስልኩ ራሱ ያለቅስ ነበር 😂

ስልክ ጠጋኙ፦
አንድ የረሳኸው አለ። ቻርጀር ሰክቶ የሚጫወት ከሆነ ስልኩ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኔ ጋ "ተበላሸ" ተብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ጭረት የለባቸውም። ወፍራሙን ከቨር አውልቆ፣ ከቻርጀር ነቅሎ ይሞክር።

የልጆች እናት፦
እኔ የምለው ከጥያቄው ትንሽ ይወጣል፤ ታገሡኝ። የእኔ ልጅ "ነጻ ዳይመንድ" (የጌሙ ውስጥ መገበያያ) የሚል ሊንክ ቴሌግራም ላይ አግኝቶ ፓስወርዱን ሞላ። በነጋታው አካውንቱ የለም። ሁለት ዓመት የተጫወተበት ነው፤ እራት አልበላም ብሎ ተኛ። ወንድምሽንም ጠይቂው።

ቡያ ብቻ፦
እማዬ እውነትዎን ነው። ነጻ ዳይመንድ የሚሰጥ ሊንክ የለም፣ ሁሉም ፓስወርድ ለቃሚ ነው። ልጅዎ አዲስ ሲከፍት በገስት፣ ማለትም ከምንም አካውንት ጋር ሳያስር፣ እንዳይጫወት ይንገሩት። በጉግል ወይ በፌስቡክ ያስረው። ገስት ከሆነ ስልኩ የጠፋ ቀን አካውንቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ባለ ትንሽ ቻናል፦
የብሩን ነገር ማንም አልነካውም። ከማስታወቂያ ለመካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልጋል። ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) እይታ። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው፤ አንድ ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ቢያይለት 80,000 እይታ ማለት ነው። በሾርትስ ፊድ የታየው ከሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም፤ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ክፍያው ራሱ የሚለቀቀው 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ዕድሜው 16 ስለሆነ የክፍያ አካውንቱ በወላጅ ወይም በአሳዳጊ በኩል መሆን አለበት። እኔ ሁለት ዓመት ሞላኝ፣ ገና 600 ሰብስክራይበር ላይ ነኝ።
ከኋላ ዘፈን ደግሞ አይክተትበት። ሲስተሙ ካወቀው ገቢው ወደ ዘፈኑ ባለቤት ሊዞር ይችላል።

የአዳማዋ እህት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ስልክ አልገዛም፣ ጥቅሉ ግን ይቀጥላል፤ የሌሊቱን። አሁን ስልኩን ነጥቆኛል፣ ራሱ ሊጽፍ ነው።
ወንድሟ ነኝ። ስቀርጽ የቤት ድምፅ ሁሉ ይገባብኛል። ባለፈው ልተኩስ ስል እማማ "ውሃ መጣ፣ ጀሪካኑን አውጣ!" ብላ በሙሉ ተቀዳች። ምን ላድርግ?

ቡያ ብቻ፦
አንድሮይድህ 11 ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ስክሪን ሪከርደሩ አብሮት ይመጣል። ከመጀመርህ በፊት ድምፁን ከማይክ ወደ "ዲቫይስ ኦዲዮ" ቀይረው፤ የጌሙን ብቻ ይቀዳል። የጀሪካኗን ቪዲዮ ግን አታጥፋት፣ ሊንኳን ላክልኝ።