ያረጀ ቡና ጉንደላ፦ ሥልጠናው ጓሮ ድረስ የማይዘልቀው ለምንድን ነው?

የጓሮ ቡና (ጠያቂ) ጥር 9

ሰላም ለሁላችሁም። ወሎ ውስጥ፣ በሐይቅ ከተማ አካባቢ ባለች አንዲት ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ፤ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይህን የምጽፈው ለሪፖርት የሚሆን ሐሳብ ፈልጌ አይደለም። ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ኅዳር ላይ፣ ያውም ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ አምራቾችን ለሦስት ቀን በአዳራሽ አሠለጠንን። ርእሱ «ዘላቂ የቡና አመራረት ዘዴ» ይላል። አሠልጣኙ ከሌላ አካባቢ የመጡ ባለሙያ ናቸው፤ ዕውቀታቸውን አልጠራጠርም። በችግኝና በችግኝ መካከል ሁለት ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል ሁለት ሜትር፣ በሄክታር 2,500 ችግኝ እያሉ በሚያስረዱበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ የእኔ ቡና አርባ እግር ነው። ሄክታሩን ከየት ላምጣው?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ። ሽማግሌው ግን ከልባቸው ነበር የጠየቁት፤ መልስ ሳያገኙ ተቀመጡ።

እኛ ዘንድ ቡና ያለው በማሳ ሳይሆን በጓሮ ነው። ከጌሾ፣ ከፓፓያ፣ ከብርቱካን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከጫት ጋር ተሰባጥሮ ይበቅላል። ከሥልጠናው በኋላ የፈረሙትን ሰዎች ጓሮ መዞር ጀመርሁ። እስካሁን አሥራ አንድ አይቻለሁ። እንደ ተማረው አንድ እግር እንኳ የጎነደለ፣ ማለትም ያረጀውን ግንድ እንዲታደስ ዝቅ አድርጎ የቆረጠ፣ የለም፤ ከቡናው ሥር ጉዝጓዝ ያለበሰም የለም።

በአንደኛው ጓሮ ያየሁትን ልንገራችሁ። የቤቱ እመቤት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ቡናቸው ከጣሪያው ጋር ይስተካከላል። ከታች እስከ ወገቡ ራቁቱን ነው፤ ፍሬው ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። እናት ጫፉ በቆለመመ ረጅም እንጨት ቅርንጫፉን ወደ ታች ስበው፣ በአንድ እጃቸው ጨብጠው ይይዙትና በሌላው ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ሞልጨው ያወርዱታል። ሲለቁት ቅርንጫፉ ሽቅብ ይወነጨፍና የቀረውን ፍሬ ከአጥሩ ሥር ይበትነዋል። ከዚያ ጎንበስ ብለው እርሱን ደግሞ ከእሾህ መካከል ይለቅማሉ።

«እማማ፣ ይህን ዝቅ አድርገን ብንጎነድለው እንደ ወጣት ያፈራል» አልኋቸው።

«በስንት ዓመቱ?»

«በሁለተኛው ዓመት መስጠት ይጀምራል፤ በሦስተኛው ደህና ይሆናል።»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና «ታዲያ እስከዚያ ጧትና ማታ የማፈላውን ከማን ልበደረው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በሥልጠናው ጽሑፍ ውስጥም ይህ ጥያቄ የለም።

የቀረውም እንዲሁ ነው። «ጉዝጓዝ አልብሱ» ስንል የማሽላ አገዳ ማለታችን ነው፤ አገዳው ደግሞ የላሟ የበጋ ቀለብ ነው። «ኮምፖስት አዘጋጁ» ስንል እበት ማለታችን ነው፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ትምህርቱ ስሕተት የለበትም፤ የሚጎድለው ከየትኛው የቤት ፍጆታ ላይ ተነሥቶ ለቡናው እንደሚሰጥ ማሰብ ነው። ሌላው ያሳዘነኝ ነገር፣ ከፈረሙት ሠላሳ ስምንት ሰዎች ሴቶቹ አራት ብቻ መሆናቸው ነው። በዞርሁባቸው አሥራ አንድ ጓሮዎች ግን በዘጠኙ ቡናውን ስትለቅም ወይም ስታሰጣ ያገኘኋት ሴቲቱን ነው።

የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ጥቂት ዛፍ እንኳ አስጎንድዬ ማሳየት እፈልጋለሁ። በእጃችሁ የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ እንዴት እንደ ጀመራችሁ ንገሩኝ።

የቦርከና ልጅ ጥር 10

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ጊዜው አላለፈብሽም።

አባቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደ ኢሉባቦር በሠፈራ ከሄዱት አንዱ ነው። ሲሄድ ማሽላ እንጂ ቡና አያውቅም ነበር። በ1983 ሲመለስ እጁ ቡና ለምዶ መጣ። ማንም ወንበር ላይ አስቀምጦ አላስተማረውም። ጎረቤቱ የነበሩት የአገሬው ሰው ሲጎነድሉ አጠገባቸው ቆሞ መጋዝ ያቀብል ነበር፤ በዓመቱ እርሱ ጎነደለና እርሳቸው መጋዝ አቀበሉት። አሁንም ሐርቡ አጠገብ ባለው ጓሮአችን የጎረቤት ልጆችን እንዲህ ነው የሚያስተምራቸው።

የእናትየዋ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አባቴ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ቆርጦ አያውቅም። ከአራት እግር አንዱን ይቆርጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላውን። በአራት ዓመት ጓሮው በሙሉ ይታደሳል፤ ከቤት ግን ቡና አይጠፋም። የመጀመሪያው ከሁሉ የማያፈራው ይሁን። ባይሳካ እንኳ ማንም አይቆጭም።

አቆራረጡ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። ለቀማው አልቆ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ማለትም አሁን ከጥር እስከ የካቲት ነው ጊዜው። ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ትተሽ በመጋዝ ቁረጪ። በገጀራ አይሁን፤ ግንዱ ይሰነጠቃል። የተቆረጠው አፍ ጠፍጣፋ ከሆነ ውኃ ያቁርና ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ጋደል አድርጊው፣ ወደ 45 ዲግሪ። ዛፉ ሲወድቅ ቅርፊቱን ይዞ እንዳይላጥ አስቀድመሽ ቅርንጫፎቹን መልምይለት፤ አንድ ሰው ደግሞ ግንዱን ይደግፍ።

ይህን በተለይ ልብ በዪ። አባቴ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሻገር መጋዙን በእሳት ነበልባል ላይ ያሳልፈዋል። ኢሉባቦር ሳለ ዛፉን ቁሞ የሚያደርቀው በሽታ በቁስል በኩል እንደሚገባና በመቁረጫ መሣሪያ እንደሚዛመት አይቷል። ደርቆ የቆመ ዛፍ ካገኘሽ ጉንደላ አያድነውም። ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠል፤ በሌሎቹ መካከል እየጎተታችሁ አታውጡት።

በበልጉ ዝናብ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ፣ በተለያየ አቅጣጫ የወጡትን አስቀሪና ሌላውን ቀንጥቢ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀንበጡን ማጥፋት ያሳሳዋል፤ ሁሉንም ሲተወው ዛፉ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ጥላው ስለሚከፈት በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ቦሎቄ ብትዘሩበት ለቤት ይሆናል።

የመርሳው ገበሬ ጥር 12

ወንድማችን የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ሌላ ወገኑን ልናገር። ከቡናዬ ግማሹን ነቅዬ ጫት የተከልሁ ሰው ነኝ። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚደርስ፤ ጫት ውኃ ካገኘ በዓመት ከአንዴም በላይ ይቆረጣል። ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡት ደግሞ በመስከረም ነው፣ ቡናው ሳይደርስ። ስለዚህ ገበሬውን «ጫት ንቀል» ብለሽ አትጀምሪ፤ ከዚያ በኋላ የምትዪውን አይሰማሽም። ቡናውን ያስቀረሁት ጀንፈሉን በከረጢት አስቀምጬ በቸገረኝ ቀን ስለምሸጠው ነው። ከነገለባው ሲቀመጥ ከተፈለፈለው ይልቅ ይቆያል፤ ለእኔ እንደ ባንክ ነው። ለሰው ይህን ብትነግሪ ይገባዋል።

ችግኝ ሲመጣላችሁም ዝርያውን ጠይቂ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ጅማ ምርምር ማዕከል የቡና ፍሬ በሽታን እንዲቋቋሙ የተመረጡ ናቸው። በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ጥሩ ዝርያዎች ናቸው፤ ነገር ግን የተመረጡት ዝናብ በሚጠግበው በደቡብ ምዕራብ ነው። የእናትየዋ ዛፍ በወሎ በጋ ስንት ዓመት ቆሞ አለ፤ ሥሩ ጠልቆ ገብቷል። ያረጀው ላዩ እንጂ ሥሩ አይደለም። «ያረጀውን ነቅላችሁ አዲስ ትከሉ» የሚል መመሪያ ሲመጣ መጀመሪያ ጉንደላውን ሞክሪ።

ለጉዝጓዙ አገዳ አትንኪ። የዋንዛና የብሳና ቅጠል፣ የሙዝ ቅጠል፣ ዘር ሳይቋጥር የታረመ አረም፣ የቡናው የራሱ ገለባ ይበቃል። ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከተጠጋ ምስጥ ይጠራል፣ ቅርፊቱም ይሻግታል።

ወረባቦ ጥር 12

ልጄ፣ ስለ ሴቶቹ ያነሣሽው ደስ ብሎኛል፤ እኔም ሥልጠና ተጠርቼ አላውቅም። ባሌ ይሄዳል፤ ተመልሶ «ቀይ ቀዩን ልቀሙ ብለዋል» ይለኛል። ቀይ ቀዩን መልቀም እንደሚሻል ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የእኛ ጓሮ መንገድ ዳር ነው፤ ቀይቶ ዛፉ ላይ ካደረ ሌባ ይወስደዋል። አረንጓዴውን የምሞልጨው ለዚያ ነው። በኋላ ከጎረቤቶቼ ጋር ተማክረን በአንድ ሳምንት ውስጥ በየተራ እየተረዳዳን መልቀም ጀመርን፤ ስድስት ሴቶች አንዱን ጓሮ ጧት ጀምረን ቀዩን ብቻ ለቅመን እንጨርሳለን፤ ከዐሥር ቀን በኋላ ደግመን እንመጣበታለን።

ማስጫውንም መሬት ላይ ትተነዋል። ከሸምበቆና ከአሮጌ የወባ አጎበር አልጋ ሠራን። ስስ አድርገን እናሰጣለን፣ በቀን ደጋግመን እናገላብጠዋለን፣ ማታ እንሸፍነዋለን። መድረቁን የምናውቀው በእፍኝ ይዘን ስንነቀንቀው ነው፤ ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል።

ሥልጠናሽን ቡና በሚፈላበት ሰዓት አድርጊው። ከአቦል እስከ በረካ ብዙ ነገር ማስረዳት ይቻላል፤ ሴቶቹ ደግሞ እዚያው ናቸው። አዳራሽ ብትጠሪን እንጀራውን ማን ይጋግራል?

የጓሮ ቡና (ጠያቂ) ሚያዝያ 20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘግይቼ ተመለስሁ፤ የማወራው ነገር እስኪኖረኝ ጠብቄ ነው።

የካቲት 3 ቀን እነዚያ እናት ቤት ቡና ተፈልቶ ሰባት ሴቶች ተሰበሰቡ። እትዬ፣ ምክርዎን እንዳለ ነው የወሰድሁት። ወረቀትም ሥዕልም አልያዝሁም፤ አንድ መጋዝ ብቻ። «ከአራት አንዱን» ስላቸው እናት ዝም ብለው ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። እየዞሩ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ሦስት ዛፍ መረጡ። ሁለቱ እኔም የምመርጣቸው ነበሩ። ሦስተኛው ግን ገና ደህና የሚያፈራ ነበር። ለምን እንደመረጡት ስጠይቃቸው «ይህ ቡናው ይጣፍጣል፤ መታደስ ያለበት እርሱ ነው» አሉ። እኔ ዛፉን በፍሬው ብዛት ብቻ እመዝነው ነበር። ከምድጃው ላይ በእንጨት እሳት ይዘው መጥተው መጋዙን ራሳቸው ለበለቡት፤ የመጀመሪያውን እኔ ቆረጥሁ፣ ሁለተኛውን ጎረቤታቸው፣ ሦስተኛውን እርሳቸው።

በልጉ ዘንድሮ ዘገየብን። በየሦስት ቀኑ የእቃ እጣቢ እያፈሰሱ፣ የብሳና ቅጠል እያለበሱ አቆዩት። አሁን አንዱ ዘጠኝ ቀንበጥ፣ አንዱ ስድስት አውጥቷል። ከሰባቱ ሴቶች አራቱ በየጓሮአቸው አንድ አንድ እግር ጎንድለዋል። ሦስቱ «የአንቺን እንይ» ብለው እየጠበቁ ነው፤ አልገፋፋኋቸውም። ለቢሮ የማቀርበው ቅጽ ላይ «የሠለጠኑ ሰዎች ብዛት» የሚል እንጂ «የተጎነደለ ዛፍ» የሚል ቦታ ስለሌለ ከታች በእጄ ጨምሬ ጻፍሁት። የሚቀጥለውን ሥልጠና ኅዳር ላይ እንዳያደርጉትም ጠይቄአለሁ፤ መልስ አላገኘሁም፣ ደግሜ እጠይቃለሁ።

የሚያሳስበኝ ሦስተኛው፣ ይጣፍጣል የተባለው ነው። እስካሁን ምንም አላቆጠቆጠም። እናት በየጧቱ ሄደው ያዩታል፤ ስመጣም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ እርሱ ነው። ቅርፊቱን በጥፍሬ ፍቄ አየሁት፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ልጠብቅ ወይስ በክረምቱ ቦታውን በችግኝ ልተካላቸው?

የቦርከና ልጅ ሚያዝያ 21

አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። አባቴን ጠየቅሁት፤ እስከ ሐምሌ ጠብቂው ይላል። ምናልባት የጎረቤት ዛፍ ጥላ አጥልቶበት ይሆናል፤ በላዩ ያዘነበለ ቅርንጫፍ ካለ መልምይለትና ፀሐይ ያግኘው። በእነዚያ በሁለቱ ግን ቀንበጡን የመምረጫው ጊዜ ደርሷል። አንቺ አትቀንጥቢ፤ እናትየዋ ይምረጡ።