ክርክር፦ እንግሊዝን ከህንድ ያስወጣት ማን ነው?

አስተባባሪ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። አንዳንዱ "እንግሊዞች በ1947 ህንድን በፈቃዳቸው፣ በሰላም አስረክበው ወጡ" ይላል። ሌላው "ጋንዲ ነው ያስወጣቸው" ይላል። እናንተስ? እንዳንምታታ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። ስድብ የለም።

ሰናይት፦ ጋንዲ ነዋ! ምን ያከራክራል? በ1930 የጨው ግብሩን ተቃውሞ ዳንዲ ባህር ዳርቻ ድረስ በእግሩ ሄደ። ከመሬት ጨው አነሳ። ይህ በሕግ ወንጀል ነበር። ሕዝቡ ተከተለው፣ እስር ቤቱ ሞላ። ጥቂት የእንግሊዝ ሹማምንት ያን ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ የሚገዙት ሕዝቡ እሺ እስካለ ድረስ ነው። እምቢታን ያስተማረው እሱ ነው።

ሂሳብ ሠሪው፦ እህቴ፣ ከጨው ጉዞው እስከ ነጻነቱ 17 ዓመት አለ። በ1942 እኮ "ህንድን ልቀቁ" ሲባሉ ጋንዲንም ኔህሩንም አስረው ንቅናቄውን ደፍጥጠውታል። ያኔ መች ወጡ? የወጡት ኪሳቸው ሲራቆት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ባለዕዳዋ ህንድ ነበረች። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዝ ወታደሩንም ስንቁንም ጨርቁንም ከህንድ በዱቤ ወሰደች። ሲያልቅ ነገሩ ተገለበጠ፤ ለንደን ለህንድ 1.3 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ዕዳ ነበረባት። በ1946 ደግሞ ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ያንን ብድር ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው! ለአበዳሪህ ገዥ ሆነህ ስንት ዓመት ትቀመጣለህ?

የሻምበል ልጅ፦ ሁለታችሁም ወታደሩን ረሳችሁት። ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1757 የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የጦር አዛዥ ክላይቭ ቤንጋል ውስጥ ፕላሲ ላይ ሲያሸንፍ አብዛኛው ጦሩ ህንዳዊ ነበር። በ1765 ኩባንያው የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ መብት አገኘ። ልብ በሉ፣ የነጋዴ ኩባንያ ነው ግብር የሚሰበስበው! በቤንጋል ግብር ህንዳዊ ወታደር ቀጠረ፤ በዚያ ወታደር ሌላውን ህንድ ያዘ፤ ከዚያም ግብር አገኘ። የእንግሊዝ ገንዘብ ብዙም አልወጣበትም።

ያው ጦር ባህር ማዶም ይላክ ነበር። እኛም ዘንድ መጥቷል። በ1868 ናፒየር መቅደላ የደረሰው ከቦምቤይ በተነሳ ጦር ነው። ዘመቻው የለንደን ጉዳይ ሆኖ ሳለ የህንድ ወታደሮቹ መደበኛ ደሞዝ የተከፈለው ከህንድ ግምጃ ቤት ነው። በ1941 ከረን ላይ ከጣሊያን ጋር ከተዋጉት ብዙዎቹም ህንዶች ናቸው። እንግዲህ ይህ ወታደር እምቢ ካለ ምን ይቀራል? በየካቲት 1946 ቦምቤይ ላይ የህንድ ባህር ኃይል መርከበኞች በምግቡ መበላሸትና በአለቆቻቸው ስድብ ተማረው አመጹ። አመጹ በቀናት ውስጥ ካራቺ ደረሰ። ለንደን የደነገጠችው ያኔ ነው።

ሰናይት፦ ወንድሜ፣ ይህ ነገርህ አንድ ቀዳዳ አለው። የእንግሊዝ ሚኒስትሮች ለድርድር ወደ ህንድ እንደሚላኩ የተነገረው አመጹ በተነሳ ማግስት ነው። በአንድ ሌሊት ወሰኑት ልትለኝ ነው? መርከበኞቹን እጅ ስጡ ብሎ የመከራቸውም ፓቴል ነው፤ የጋንዲ ፓርቲ የኮንግረስ ሰው! ሕዝቡ የሚሰማው እነማንን እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

የሻምበል ልጅ፦ የማግስቱን እቀበላለሁ። ፍርሃቱ ግን ቀድሞ የገባ ነው። ከጃፓን ጎን የተሰለፉ ህንዳውያን መኮንኖች ከኅዳር 1945 ጀምሮ ዴልሂ ቀይ ግንብ ውስጥ ሲከሰሱ አገሩ በሰልፍ ተናወጠ። ተፈረደባቸው፣ ግን ተለቀቁ። ከዳተኛ ብሎ የፈረደበትን መኮንን ማሰር የፈራ መንግሥት ምን መንግሥት ነው?

ከድሬ፦ "በሰላም" የምትለዋ ቃል ነው እኔን ያቃጠለችኝ። ርክክቡ ለሰኔ 1948 የታሰበ ነበር፤ የመጨረሻው የእንግሊዝ እንደራሴ ማውንትባተን ወደ ነሐሴ 1947 አመጣው። አገሩ ህንድና ፓኪስታን ተብሎ ሲከፈል ድንበሩን ያሰመረው እንግሊዛዊው የሕግ ሰው ራድክሊፍ ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ አያውቅም። የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ። መስመሩ ይፋ የሆነው ከነጻነቱ በኋላ ነው! ሰው ባንዲራ ሰቅሎ እየጨፈረ በየትኛው አገር እንዳለ አያውቅም። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ በትንሹ የሚገምቱት እንኳ 200 ሺህ ሰው ሞተ ይላሉ፣ ሚሊዮን የሚሉም አሉ። የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ አላነሳሁም። ሂሳብ ሠሪው ደግሞ ይመልስልኝ፦ ገንዘብ ካለቀባቸው ኬንያ ላይ ከ1952 ጀምሮ የማው ማው አማጽያንን ለመውጋት ከየት አመጡ?

ሂሳብ ሠሪው፦ ሂሳቡ እዚያም ይሠራል። አማጽያን የተነሱባትን ማላያን (የዛሬዋን የማሌዥያ ክፍል) ከ1948 ጀምሮ የሙጥኝ ያሉት ጎማውና የቆርቆሮ ማዕድኑ ዶላር ስለሚያስገባላቸው ነው። ኬንያ ለም መሬት የያዙ ነጮች ነበሩ። በ1956 ግብጽ ውስጥ ስዊዝ ቦይ ላይ ሲዘምቱስ ማን አስቆማቸው? አሜሪካ ፓውንዳቸውን አልደግፍም አለቻ። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ኤደን በጥር 1957 ሥልጣን ለቀቀ።

የሻምበል ልጅ፦ ጥሩ፣ ማላያን ካነሳህ አይቀር፣ ማን ዘመተበት? የህንድ ጦር በ1947 ከእጃቸው ወጥቷል። ጉርካና የአፍሪካ ወታደር አልበቃ ሲል የራሳቸውን የ18 ዓመት ልጆች በብሔራዊ ውትድርና ግዴታ ወደ ጫካው ላኩ። ለንደን ያለች እናት ልጇ ማላያ ወይ ቆጵሮስ ሲሞት ለምን ብላ ትጠይቃለች፤ ምርጫ ሲመጣም ድምጽ አላት። የህንዷ የፑንጃብ እናት ይህ አልነበራትም። በ1957 ግዴታውን ለማስቀረት ወሰኑ፤ የመጨረሻዎቹ ምልምሎች የተጠሩት በ1960 ነው። ጋና የወጣችው በ1957፣ ናይጄሪያ በ1960፣ ኬንያ በ1963። እስቲ ቀኖቹን ከብድርህ ጋር ሳይሆን ከምልመላው ጋር አስተያያቸው።