አስቸኳይ! የጫማ ቻናሌን ወሰዱብኝ፣ ደንበኞቼ ብር እየላኩ ነው (ሀዋሳ)

የፒያሳዋ
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ፒያሳ ጫማ እሸጣለሁ። ጠዋት አንዲት ደንበኛዬ በቴሌግራም «ለልጄ ድምፅ ስጪልኝ» ብላ ሊንክ ላከችልኝ። ኮድ ጠየቀኝ፣ አስገባሁ። አሁን ቻናሌ ላይ «ግማሽ ዋጋ፣ ቀድማችሁ ክፈሉ» እያለ የማላውቀው የቴሌብር ቁጥር ይለጠፋል። ሳጠፋው መልሶ ይለጥፋል። አንዷ ከዲላ ደውላ 1,800 ብር ልኬያለሁ አለችኝ። ምን ላድርግ?

ቴክ ወዳጅ
ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ ሌላ የሚጠየቅ ፓስወርድ) አብሪ።

ጋሽ ነጋዴ
ልጄ፣ ሱቅ እያለሽ ቻናል ምን ያደርግልሻል? እኛ ገበያ ቆመን ነው ያደግነው። ዕቃው በእጅ፣ ብሩም በእጅ። ገዢ ዓይንሽን አይቶ ሲገዛ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም።

የፒያሳዋ
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ግማሹ ገዢዬ ከዲላና ከሻሸመኔ ነው። የሀዋሳውም ቢሆን ፎቶውን ስልኩ ላይ አይቶ፣ ቁጥሩ መኖሩን ጠይቆ ነው ሊለካ የሚመጣው። እግር ጥሎት የሚገባ ቀንሷል። ቻናሉ ከሞተ ኪራዩን በምን እከፍላለሁ?

ሞባይል ጠጋኙ
ቴሌግራሙ ስልክሽ ላይ አሁንም ይከፈታል አይደል? ሎግ አውት እንዳታደርጊ! ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ ግቢ። «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ንኪ፤ ከስልክሽ ሌላ የገባውን ሁሉ ያስወጣል። አዲስ የገባ ሰው ለ24 ሰዓት ነባሩን ስልክ ማስወጣት አይችልም፤ ስለዚህ ዛሬ ጉልበቱ ያንቺ ነው። ከዚያ የቻናሉን አድሚኖች እዪ። ሰው ይሄን ይረሳና ሌባው በዚያ በኩል ተመልሶ ይገባል።

ቴክ ወዳጅ
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ቱ ስቴፕ።

ሞባይል ጠጋኙ
አይደለም ወንድሜ። መጀመሪያ ሌባው ይውጣ፣ ቁልፍ የሚቀየረው ከዚያ ነው። እሱ ቀድሞ ፓስወርድ አስገብቶ ከሆነ እዚያው ሴቲንጉ ላይ ሪሴት ጠይቂ፤ 7 ቀን ያስጠብቅሻል። በስምሽ ያንኑ ሊንክ ለሌላ ሰው እየላከ ይሆናልና ለምታውቂያቸው ንገሪ።

አላሙራ
የዲላዋ ልጅ የከፈለችበትን መልእክት ሳታጠፋ አሁኑኑ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ትደውል። ለፖሊስም ታመልክት።

ጎረቤት ልብስ ቤት
አይዞሽ እህቴ፣ ጫማዎቹ እንደሆኑ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ማስጠንቀቂያውን እኔ ቻናል ላይ ለጥፌያለሁ። አንቺም በርሽ ላይ በወረቀት ጻፊ፤ ለመለካት የሚመጣው ያየዋል።

ጋሽ ነጋዴ
በይ የሌባውን ቁጥር እዚህ ጻፊው። ለነጋዴዎቹ ግሩፕ ልላክላቸው።

የፒያሳዋ
አንድ የማላውቀው ስልክ ነበር፣ አስወጣሁት። አድሚን ላይ ሁለት ስም አለ። አንዱ የእህቴ ነው፣ ሌላውን ግን… ቆዩ፣ ደንበኛ እየደወለ ነው።

ሞባይል ጠጋኙ
ስልኩን በኋላ ታነሺዋለሽ፣ መጀመሪያ እሱን አስወጪው!

ሞባይል ጠጋኙ
እህት፣ አስወጣሽው?